ጁን 30 ከመድረሱ በፊት፦ በእንግሊዝ ታችኛው ሊግ የሚጫወት ልጅ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜይ 30 ቀን 2016 ነው። ቦታው ዌምብሌይ ስታዲየም። ኤኤፍሲ ዊምብልደን ፕሊመዝ አርጋይልን 2 ለ 0 አሸንፎ ከሊግ ቱ (አራተኛው ዲቪዚዮን) ወደ ሊግ ዋን (ሦስተኛው) አድጓል። ሁለተኛዋን ግብ በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ግዙፉ አጥቂ አደባዮ አኪንፌንዋ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ማይክ ተሰጠው። ደስታውን ተናገረ። ቀጠለና አሁን ሥራ የለኝም፣ የሚፈልገኝ አሰልጣኝ ካለ በዋትስአፕ ያግኘኝ አለ።

ብዙ ሰው ሳቀ። ሰውዬው ግን እውነቱን ነበር። ዕድሜው 34 ነው። ክለቡ ውሉን ሊያድስለት አላሰበም። ዌምብሌይ ላይ ግብ አስቆጥሮ ላቡ ሳይደርቅ ሥራ ፈላጊ ሆነ።

እኛ አገር የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲባል የሚታሰበው ፕሪሚየር ሊግ ነው። የ20 ክለቦች ዓለም። ከሥሩ ሻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ አሉ፤ ሦስቱ ሲደመሩ 72 ክለቦች። ከእነሱ በታች ደግሞ ናሽናል ሊግ። እዚያ ታች ያለው ልጅም ፕሮፌሽናል ነው፤ በዓመት 46 የሊግ ጨዋታ ይጠብቀዋል። ማክሰኞ ማታ በዝናብ ይጫወታል፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ይመለሳል። እኔ እነዚህን ሊጎች ለዓመታት ስከታተል አንድ ነገር ገብቶኛል። ከዚያ ዓለም ተገፍተው ከሚወጡት ብዙዎቹ ኳስ ስለማይችሉ አይደለም የሚወጡት። ከሜዳ ውጪ በሠሩት ስህተት ነው። ስህተቶቹ ደግሞ ተመሳሳይ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስልክ እስኪደወል ቁጭ ብሎ መጠበቅ

አብዛኛው ውል የሚያልቀው ጁን 30 ነው። በእኛ ሰኔ 23 መሆኑ ነው። ክለቦች ማንን እንደሚያስቀሩና ማንን እንደሚያሰናብቱ የሚያሳውቁት ግን ቀደም ብለው፣ ውድድሩ እንዳለቀ በሜይ ወር ነው። ታች ሊግ ላይ የአንድ ዓመት ውል የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ ይወጣሉ።

የልጁ ስህተት «ጥሩ እየተጫወትኩ ነው፣ ያድሱልኛል» ብሎ መቀመጡ ነው። ጥሩ መጫወቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያመጣው አሰልጣኝ በፌብሩዋሪ ይባረራል። አዲሱ የራሱን ልጆች ይዞ ይመጣል። ወይ ክለቡ ይወርድና በጀቱ ይቀነሳል። በዚህ መሃል የእሱ ብቃት ማንም የማያነሳው ጉዳይ ይሆናል።

ጥያቄው በጃንዋሪ መጠየቅ አለበት። «ለቀጣዩ ዓመት በሐሳባችሁ ውስጥ አለሁ?» ብሎ ፊት ለፊት። መልሱ «እናያለን» ከሆነ እንደ «የለህም» ወስዶ መንቀሳቀስ ይሻላል። የጨዋታ ቪዲዮዎችን ሰብስቦ ማዘጋጀት። አብረውት ከተጫወቱና አሁን ሌላ ቦታ ካሉ ሰዎች ጋር መደዋወል። የታችኛው ሊግ ዝውውር በትውውቅ ነው የሚሠራው። አሰልጣኞች ከመፈረማቸው በፊት የሚጠይቁት «ልጁ ጠባዩ እንዴት ነው?» የሚለውን ነው።

አኪንፌንዋ በዚያ ማይክ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። አላፈረም። ፈላጊ አገኘ፤ የዊኮምብ ዎንደረርስ አሰልጣኝ ጋሬዝ አይንስወርዝ ወሰደው። እዚያ ስድስት ዓመት ቆየ። ክለቡ በ2018 ሊግ ዋን፣ በ2020 ደግሞ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮንሺፕ ገባ። ሰውዬው ጫማ የሰቀለው በ40 ዓመቱ ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ ወጣቶች ይዘነጉታል። ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ክለቡ ከበፊቱ ያላነሰ አዲስ ውል ካቀረበለትና እሱ እምቢ ብሎ ወደ ሌላ የእንግሊዝ ክለብ ከሄደ፣ ወሳጁ ክለብ ካሳ ይከፍላል። ካልተስማሙ ኮሚቴ ይወስናል። «ነፃ ነኝ» ብሎ የወጣ ልጅ የሚፈልገው ትንሽ ክለብ በካሳው ሲሸሽ ያን ጊዜ ነው የሚነቃው። ቀድሞ ማወቅ ነው።

«ወደ ታች አልወርድም» ማለት

ይህ ስህተት በተለይ ከትልቅ አካዳሚ የወጡ ልጆች ስህተት ነው። ከሰባትና ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ የትልቅ ክለብ መለያ ለብሷል። በ19 ዓመቱ «ናሽናል ሊግ ሂድ» ሲባል ሞት ይመስለዋል። ስለዚህ ከ21 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ይቀራል። ተመልካች በሌለበት ሜዳ፣ ሦስት ነጥብ የማንንም ደመወዝ በማይወስንበት ጨዋታ ላይ ዕድሜው ያልቃል። 22 ሲሞላው «ከትልቅ ሰው ጋር ስንት ጨዋታ ተጫውተሃል?» ይባላል። መልስ የለውም።

ፔሊ ሩዶክ ምፓንዙን እዩት። ዌስት ሃም ነበር። በ2013 መጨረሻ ወደ ሉተን ታውን ሄደ። ሉተን ያን ጊዜ አምስተኛ ዲቪዚዮን ነበር። በ2014 ወደ ሊግ ቱ አደጉ። ከዚያ ሊግ ዋን፣ ከዚያ ሻምፒዮንሺፕ። በ2023 ሉተን ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ ምፓንዙ እዚያው ነበር። ከአምስተኛው ዲቪዚዮን እስከ ፕሪሚየር ሊግ ከአንድ ክለብ ጋር የወጣ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። የወረደ የመሰለው ልጅ መሰላሉን ከታች ነው የያዘው።

ውሰትም (የክለቡ ንብረት ሆኖ ለሌላ ክለብ ለጊዜው መጫወት) እንደዚሁ ነው። ሃሪ ኬን በ17 ዓመቱ ሊግ ዋን ወደነበረው ሌይተን ኦሪየንት በውሰት ሄዶ በ18 የሊግ ጨዋታ አምስት ግብ አስቆጠረ። ኦሊ ዋትኪንስ ኤክሰተር ሲቲ እያለ ስድስተኛ ዲቪዚዮን ላይ ለዌስተን ሱፐር ሜር ተጫውቷል። በጁላይ 2024 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ኔዘርላንድስን ያሸነፈችውን ግብ ያገባው ያው ልጅ ነው። ትንሽ ሜዳ ላይ የ30 ዓመት ተከላካይ ክርኑን ሲያሳርፍብህ የምትማረውን ነገር የትኛውም አካዳሚ አያስተምርም።

ግን ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ የጄሚ ቫርዲን ታሪክ እንደ ዕቅድ መያዝ። ቫርዲ በስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ በሳምንት 30 ፓውንድ ይከፈለው ነበር፤ በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። ሪኪ ላምበርት ከብላክፑል ከተለቀቀ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ የቀይ ሥር ማሰሮ ክዳን ይገጥም ነበር፤ በ2013 በ31 ዓመቱ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተቀይሮ ገብቶ ኳስ በነካበት የመጀመሪያ ቅጽበት ስኮትላንድ ላይ አገባ። እነዚህን ታሪኮች እወዳቸዋለሁ። የሚወሩት ግን ብርቅ ስለሆኑ ነው። ሊግ ቱ ላይ 300 ጨዋታ ተጫውቶ፣ ቤት ገዝቶ፣ ልጆች አሳድጎ በክብር የጨረሰ ሰው ተሳክቶለታል። ይህን እንደ ውድቀት የሚያይ ልጅ ያለውን ነገር ሳያጣጥም ያልፋል።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም

ልጁ የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሳምንት ደመወዙን። ወረቀቱ ውስጥ ግን ሌሎች ነገሮች አሉ።

«ለአንድ ዓመት የማራዘም መብት» የሚል አንቀጽ ሲኖር የማን መብት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የክለቡ ነው። ልጁ ጥሩ ዓመት ካሳለፈ ክለቡ በድሮው ደመወዝ ያስቀረዋል። ካልተሳካለት ያሰናብተዋል። ሁለቱም ወገን እኩል እንዳልሆነ ልብ በሉ። ክለቡ ከወረደ ደመወዝ የሚቀንስ አንቀጽም አለ። ካደገስ? ይጨምራል? ይህንን የሚጠይቅ ልጅ ጥቂት ነው።

ቦነስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የቀረበለት ገንዘብ ትልቅ የሚመስለው በጨዋታ፣ በግብና በድል የሚከፈለው ተደምሮበት ሊሆን ይችላል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወይም ሲጎዳ የሚቀረው መሠረታዊው ነው። ስለዚህ ኑሮ በመሠረታዊው መታሰብ አለበት።

ወኪልን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ከወኪል ጋር የሚፈረም የውክልና ውል ከሁለት ዓመት አይበልጥም። «ለአምስት ዓመት ፈርምልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መሸሽ ነው። ወረቀት የሚያነብለት የሌለው ተጫዋች ደግሞ የተጫዋቾች ማኅበሩን ይጠይቅ። ከ1907 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። በ1961 የሳምንት ደመወዝ ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሚለውን ሕግ ያስቀረው እሱ ነው። የሊግ ቱ ልጅም አባሉ ነው።

የሳምንቱን ደመወዝ የዕድሜ ልክ ማድረግ

አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። በ2020 የሊግ ቱ ክለቦች የዓመት የተጫዋቾች ወጪ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳያልፍ በድምፅ ወስነው ነበር። የተጫዋቾች ማኅበሩ ተከራክሮ በ2021 መጀመሪያ አሰረዘው። ቁጥሩ ግን ይጠቅመናል። ለ22 ተጫዋች ብናካፍለው ለአንድ ሰው በዓመት 68 ሺህ፣ በሳምንት 1,300 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። ታክስ ሳይነሳ። አንዱ ከዚህ ብዙ ያገኛል፣ ሌላው በጣም ያንሳል።

ለ23 ዓመት ልጅ ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን ለስንት ዓመት? አርባ ዓመት የሚሠራ መምህር ወይም ነርስ ደመወዝ ጋር ማወዳደር አይቻልም። እንደገና ደግሞ ቤት መቀያየር አለ። ዘንድሮ ፕሊመዝ፣ ከርሞ ካርላይል። በሁለቱ መሃል ወደ 400 ማይል የሚጠጋ መንገድ አለ። ሚስት ሥራ ትለቃለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይቀይራል፣ የኪራይ ማስያዣ ይከፈላል።

የመልበሻ ክፍል ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ከጎኑ ያለው ልጅ ከፕሪሚየር ሊግ በውሰት የመጣ ነው። ደመወዙን ትልቁ ክለብ ይከፍልለታል። ውድ መኪና ይዞ ልምምድ ይመጣል። የኛ ልጅም በብድር ተመሳሳዩን ይገዛል። ጁን ላይ ውሉ ያልቃል፤ የመኪናው ዕዳ ግን ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል።

አንዲት ትንሽ ውርርድ

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትታዘቡኝ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ከኦገስት 2014 ጀምሮ የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋች በየትኛውም ዓለም በሚደረግ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ መወራረድ አይችልም። በራሱ ሊግ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ላይ አሥር ፓውንድ ቢያስይዝ እንኳ ጥፋት ነው። «ነገ አጥቂያችን አይሰለፍም» ብሎ ለሚወራረድ ጓደኛው መንገርም ጥፋት ነው።

ይህን ሕግ ተጫዋቾቹ አያውቁም ማለት አይደለም። ችግሩ ሕይወታቸው ነው። ልምምድ እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። ልጁ ከቤተሰቡ ርቆ፣ በማያውቀው ከተማ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው። ስልኩ እጁ ላይ ነው። የሚጫወትበት ሊግ ስሙ ራሱ ስካይ ቤት ሊግ ቱ ነው። ማስታወቂያው ሜዳው ዙሪያ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ጓደኞቹ ያወራሉ። እንዲህ ይጀመራል።

ኢቫን ቶኒ በሜይ 2023 ስምንት ወር ታገደ። 232 ጥሰቶች። ያን ጊዜ የብሬንትፎርድና የእንግሊዝ አጥቂ ነበር። ጥሰቶቹ ግን ከ2017 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ገና ከኒውካስል በውሰት ከአንድ ታችኛ ሊግ ክለብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ከነበረበት ጊዜ። የቁማር ሱስ እንዳለበት ሐኪም አረጋግጧል። ማንም ያላየው የሚመስለው የወጣትነት ውርርድ ከዓመታት በኋላ ከፍታው ላይ ሲደርስ ጠበቀው።

የዌይን ሾው ነገርም አለ። የሰተን ዩናይትድ ተጠባባቂ በረኛ ነበር። በፌብሩዋሪ 2017 በኤፍኤ ካፕ ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ በቴሌቪዥን ፊት ፓይ በላ። አንድ የውርርድ ድርጅት ይበላል ወይስ አይበላም የሚል ውርርድ ለሰዎች ከፍቶ ነበር። ሾው የሁለት ወር እገዳና የ375 ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት፣ ክለቡንም ለቀቀ። እኔ በዚህ ታሪክ አልስቅም። አንድ ሰው ባንድ ቁራሽ ምግብ የሚወደውን ነገር አጣ።

የገባበት ልጅ መደበቅ የለበትም። የቀድሞው የአርሰናል አምበል ቶኒ አዳምስ በ2000 ያቋቋመው ስፖርቲንግ ቻንስ የሚባል የሱስ ሕክምና ተቋም አለ። ከተጫዋቾች ማኅበሩ ጋር ይሠራል። የሚነገረው ምስጢር ሆኖ ይቆያል። ቀድሞ ደውሎ መናገር ከ232 ጥሰት በኋላ ከመያዝ ይሻላል።

ሕመምን መዋጥ

ውሉ ሊያልቅ ሲል ጉልበቱ ያብጣል። «አሁን ከተኛሁ አያድሱልኝም» ብሎ በማስታገሻ ይጫወታል። ትንሹ እብጠት የጅማት መበጠስ ይሆናል። ውል እያለው የተጎዳ ተጫዋች ደመወዝም ሕክምናም አለው። ስለዚህ ሕመሙ በተሰማው ቀን ለፊዚዮቴራፒስቱ ይናገር፣ መዝገብ ላይም ይስፈር። ጁላይ ላይ ክለብ ሳይኖረው በራሱ ኪስ ኤምአርአይ የሚነሳ ልጅ ካየሁት ሰው ሁሉ ብቸኝነት የበዛበት ነው።

ክለቡን ሳያጣሩ መሄድ

በሪ የሚባለው ክለብ በኤፕሪል 2019 ከሊግ ቱ ወደ ሊግ ዋን አደገ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ነበር ያን ውጤት ያመጡት። በኦገስት 27 ክለቡ ከሊጉ ተባረረ። አንድም ጨዋታ ሳይጫወት። በ2020 ደግሞ ማክልስፊልድ ታውን በዕዳ ምክንያት በፍርድ ቤት ፈረሰ። እዚያም ደመወዝ በተደጋጋሚ ይዘገይ ነበር።

ከመፈረም በፊት እዚያ ለነበረ ተጫዋች አንድ ስልክ መደወል ነው። «በሰዓቱ ይከፍላሉ?» ይህቺ ብቻ። ከተሻለ ደመወዝ በሰዓቱ የሚገባ ደመወዝ ይበልጣል። ገብቶ ከሆነና መክፈል ካቆሙ ደግሞ በቃል ተስፋ አይታለል። በጽሑፍ አስጠንቅቆ ውሉን የሚያቋርጥበት አንቀጽ አለው፤ ማኅበሩ ያግዘዋል።

የድሮ ትዊት

አጭር ነው። አንድሬ ግሬይ በ2012 ሂንክሊ ዩናይትድ በሚባል ትንሽ ክለብ ሲጫወት ጥላቻ ያለበት ነገር ትዊተር ላይ ጻፈ። በኦገስት 2016 ለበርንሊ ሊቨርፑል ላይ ሲያገባ ሰዎች ቆፍረው አወጡት። አራት ጨዋታ ታገደ፣ 25 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። አንደኛ የሚጎዳን ነገር አለመጻፍ፤ ሁለተኛ የተጻፈውን ዛሬውኑ ማጥፋት።

ለእኛ ልጆችና ለእኛ ወላጆች

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ቤታችን ልምጣ። «እንግሊዝ ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን ሙከራ አዘጋጅቼልሃለሁ፣ ይህን ያህል ብር ላክ» የሚል መልእክት ለአፍሪካ ልጆች ይላካል። ታች ሊግ ስለሆነ ይቀላል ብለው ያምናሉ። አይቀልም። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ከአገር ወደ አገር ማዛወርን በመሠረቱ ይከለክላል። እንግሊዝ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የውጭ ተጫዋች በነጥብ ነው የምትቀበለው፤ ለብሔራዊ ቡድን ስንት ተጫውቷል፣ የመጣበት ሊግ ደረጃው ምንድን ነው እየተባለ። በ2023 ነጥቡን ለማያሟሉ ጠባብ በር ተከፍቷል፣ ኮታ ግን አለው። ከዚህ ውጪ ልጁን በእውነት የፈለገ ክለብ ከልጁ አባት ገንዘብ አይጠይቅም። መሬት ሸጦ የሚላክ ብር አይኑር።

ለንደን ያላችሁ ወላጆች ጋ ያለው ሌላ ነው። ልጁ በ16 ዓመቱ የሁለት ዓመት የአካዳሚ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ ቤቱ ሠርግ ይሆናል። ደስ ይበላችሁ፣ ይገባል። ግን ከኳሱ ጎን ትምህርት አለው። «ኳስ ተጫዋች ነኝ» ብሎ ክፍል ሲዘል ዝም አትበሉት። በ18 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ውል ይሰጠው አይሰጠው ገና ይወሰናል፤ ብዙዎቹ አይሰጣቸውም።

ሌላ ሙያ ሳይዙ 35 መድረስ

ፕሬስተን ከተማ፣ ዲፕዴል ስታዲየም ደጃፍ የቶም ፊኒ ሐውልት አለ። እንግሊዝ ካየቻቸው ታላላቆች አንዱ ነው፤ 76 ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። ልጅ እያለ ፕሬስተን ሊያስፈርመው ሲፈልግ አባቱ መጀመሪያ የቧንቧ ሙያውን ጨርስ አሉት። ጨረሰ። ታላቅ ከሆነም በኋላ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የደመወዝ ጣሪያ ባለበት ዘመን አባትየው ያዩት ነገር ዛሬ ለሊግ ቱ ተጫዋች እንዳለ ይሠራል።

ዛሬ ደግሞ መንገዱ ሰፊ ነው። የተጫዋቾች ማኅበሩ ለትምህርት ገንዘብ ይረዳል። በሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምረው የወጡ የቀድሞ ተጫዋቾች አሉ። ከሰዓት በኋላ ነፃ የሆነ ሰው የአሰልጣኝነት ፈቃድ ለመማር ጊዜ የለኝም ማለት አይችልም። «ስጨርስ እማራለሁ» የሚለው ደመወዙ ከቆመ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ያን ጊዜ ልጆቹ የሚበሉት ይቀድማል።

እዚያው ዲፕዴል በኤፕሪል 2012 ግራሃም አሌክሳንደር የመጨረሻ ጨዋታውን ተጫወተ። ዕድሜው 40 ነበር። በስከንቶርፕ፣ በሉተን፣ በበርንሊና በፕሬስተን ከ1,000 በላይ ጨዋታ አድርጓል፣ አብዛኛውን ከፕሪሚየር ሊግ በታች። ከቻርልተን ጋር ተቀይሮ ገባ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቅጣት ምት ተገኘ። መታው፣ ገባ። 2 ለ 2። እሱ ግን ገና እየተጫወተ ሳለ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። በዲሴምበር 2012 ፍሊትውድ ታውን አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። በሜይ 2014 ዌምብሌይ ላይ በርተን አልቢዮንን 1 ለ 0 አሸንፎ ክለቡን ወደ ሊግ ዋን ሲያስገባ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ነበር።